ከገመዱ ውጪ

እኔን ያስረጀኝ ዕድሜ አይደለም፤ «እርስዎ» ነው።

የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። መምህራኑ እርስዎ ይሉኛል፣ ወላጆች እርስዎ ይሉኛል፣ እኩያዬ የሆነችው ጸሐፊዬ ሳትቀር እርስዎ ትለኛለች። አንድ ቀን «ተይ እንጂ፣ እኩያሞች እኮ ነን» ብላት «ኧረ ይቅር ይበለኝ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። አንቺ የሚሉኝ እናቴና ታላቅ ወንድሜ ብቻ ናቸው። እናቴም የምትለኝ «አንቺ ልጅ፣ መድኃኒቴን የት ደበቅሽው?» ለማለት ነው። ትዳር ሳልይዝ ዕድሜዬ ሄደ። ሄደ ስላችሁ ሸኝቼው አይደለም፤ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሾልኮ ነው።

ሰውነቴም ከማዕረጌ ጋር አብሮ አደገ። ቢሮዬ ያለው ላይኛው ፎቅ ነው። ደረጃው መሃል ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ስለሚል የማስታወቂያ ሰሌዳ የማነብ መስዬ እቆማለሁ። በሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ እኔው ፈርሜ ያወጣሁት ነው፤ ተማሪዎቹ ግን «ዳይሬክተሯ ማንበብ ሲወዱ!» ይላሉ። ሐኪሙም ልቤን አዳምጦ «ይንቀሳቀሱ» አለኝ፤ እሱም በእርስዎ።

ከትምህርት ቤቱ ማዶ ባለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ሴቶች በሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ። ልመዘገብ ወጥቼ በመስታወቱ ባይ፣ ከፊት የተሰለፉት ያስመረቅኳቸው ልጆች ናቸው። እነሱ ፊት ዳሌዬን ከማወዛውዝ ሞቴን እመርጣለሁ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። በንዴት ስወርድ መውጫውን አልፌ ምድር ቤት ገባሁ። ከጣሪያ የተንጠለጠሉ ከባድ ከረጢቶች፣ በገመድ የታጠረ መድረክ፣ የላብ ሽታ፤ የሚያውቀኝ ሰው ግን አንድም የለም። ድብድብ ይሻለኛል አልኩ።

ወለሉን የሚወለውል ሰው ነበር። «አንተ ነህ አሠልጣኙ?» አልኩት። ለዘበኛውም ለሹፌሩም እንደምለው ነው ያልኩት። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ጭራሽ አላሰብኩም።

«እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?» አለ።

በእኔው ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ቀን ቀን ከሕንፃው ጀርባ ጎማ ይጠግናል፣ ከሥራ በኋላ ቡጢ ያስተምራል። ሰፈሩ ሁሉ ጎሚስታው ነው የሚለው። በጣቶቹ መሃል የገባው ጥቁር በምንም ሳሙና አይለቅም።

ጓንቱን አስሮልኝ መድረኩ ላይ ካወጣኝ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ ገመድ ውስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለም። 'እጅዎን ከፍ ያድርጉ' ብዬ እስክጨርስ ቡጢው ፊትዎ ላይ ያርፋል። ደወሉ ሲጮህ 'እጅሽን!' ነው የምለው። ዙሩ ሲያበቃ ደግሞ እንደ ክብርዎ። ይቀየሙኛል?»

«ኧረ አልቀየምም» አልኩ።

ደወሉ ጮኸ። «እጅሽን! ከፍ! አገጭሽን ደብቂ! ተንፍሺ እንጂ ሴትዮ!»

እናንተ ፍረዱኝ። ከልጅነቴ ወዲህ በዚያ ድምፅ የጠራኝ ሰው የለም። ቁጣም አለበት፣ ማባበልም አለበት፤ ከሁሉም በላይ ግን እኔ አለሁበት። ዙሩ ሲያበቃ ፎጣ አቀበለኝና «ጎበዝ ነዎት፣ ይረፉ» አለኝ። ወዲያው አረጀሁ።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ቀኑን ሙሉ እርስዎ ሆኜ እውላለሁ፤ ሲመሽ ገመዱን ጎንበስ ብዬ እገባና አንቺ እሆናለሁ። ክብደቴ ትንሽ ቀነሰ፤ ደረጃውንም ሰሌዳ ሳላነብ መውጣት ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የምሄደው ለክብደቱ መሆኑ ቀርቷል። ከልምምድ በኋላ ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ አንድ ኩባያ ይሰጠኛል፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ያለ ወሬ እንጠጣለን። እሱ ስኳር አይነካም። እኔ «አንተ» እለዋለሁ፣ እሱ «እርስዎ» ይለኛል። ያ የመጀመሪያው ቀን «አንተ» በአፌ ውስጥ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ድምፁ ግን ያው ነው፤ እሱ በምን ይወቅልኝ?

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ሥራ ከብዶኝ የዋልኩበት ቀን ነበር፤ እናቴም ሌሊቱን ስታቃስት አድራ አላስተኛችኝም። ልምምዱ አልቆ መውጫው በር ላይ ዝናቡን ስንጠብቅ እግሬ አልይዝ አለኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከአጠገቤ ቆሞ አየኝ።

«ደክሞሻል» አለኝ።

ገመድ የለም፣ ደወል የለም። ሁለታችንም ሰማነው። አላረመውም። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን አላረመውም። እኔም ዝናቡን እያየሁ «በጣም» አልኩ። ወድጄው ነበር፤ በቃ፣ ይኸው ተናገርኩት። ይህን ሰው ካጣሁ ዳግመኛ አንቺ የሚለኝ እንደማላገኝ አውቄ፣ እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ፈራሁ።

ነገሩን ያበላሸው ጉንጬ ነው። አንድ ቀን እሱ «ጎንበስ!» ሲል እኔ ቀና ብዬ ጓንቱን በጉንጬ ተቀበልኩት፤ በማግስቱ ጠቆረ። እናቴ ከመስኮቱ ስር ካለው ወንበሯ ሆና አየችኝ። እግሯ ነው እንጂ የደከመው ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነው።

«ፊትሽን ምን ነካው?»

«ጓንት ነው፣ እማዬ።»

«ጓንት ብቻውን ይመጣል? ባለቤት የለውም?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄን ልብ ብላ አየችው። ቆይታ «እስቲ ባለቤቱን አምጪልኝ፣ ልየው» አለች።

እሁድ ከሰዓት መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ እጁን ከመፈተጉ የተነሳ ጣቶቹ ቀልተዋል። የቤታችንን ምንጣፍ ሲረግጥ እንዳያቆሽሸው እንደሚፈራ ሰው ነው የረገጠው። አንጀቴን በላው። እኔ ያልጠበቅኩት ወንድም ጋሼን ነው። ታላቅ ወንድሜ ጠበቃ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የሚያዘው እሱ ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ መጋረጃ እንኳ አይቀየርም። የዚያን ቀን ሳይነግረን መጥቶ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል።

እንግዳዬን ከእጁ ጀምሮ ወደ ላይ አየው። «አንተ ነህ እንዴ እህቴን የምታስደበድባት?» አለና ሳቀ። «ጎማ ነው አሉ ሥራህ። ጥሩ ሰዓት መጣህ። የእኔም መኪና የኋላ ጎማ አስቸግሮኛል፣ ስትወጣ አንዴ እይልኝማ።»

ደሜ ፈላ። ወንድም ጋሼን በሕይወቴ ተቆጥቼው አላውቅም፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። «ወንድም ጋሼ! እሳቸው ጎማ ሊያዩ አይደለም የመጡት፤ እንግዳዬ ናቸው!» ወደ እሱ ዞርኩና ወንበር ሳብኩለት። «ይቀመጡ፤ እዚህ ይሻልዎታል። ሻይ ላምጣልዎት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም። ያኔ ግን የተደነቀ መስሎኝ ልቤ በኩራት አበጠ። ለወንድሜ ማሳየት ነበር የፈለግኩት፤ ይህ ሰው በዚህ ቤት አንተ እንደማይባል፣ እኔ ዳይሬክተሯ እንኳ እርስዎ እንደምለው። ስለዚህ አላቋርጥ አልኩ። ብስኩት ይውሰዱ፣ ትራሱን ይደገፉ፣ መስኮቱ ይዘጋልዎት? በመጨረሻ ስኒውን ይዤ ፊቱ ቆምኩና፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ስኳር ስንት ላድርግልዎት?» አልኩት።

«አመሰግናለሁ፣ አይቸገሩ» አለ።

ሻዩን ግማሽ ጠጥቶ ተነሳ። እናቴን ጎንበስ ብሎ ተሰናበተ። ለእኔ እጁን ሳይዘረጋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። በመስኮቱ ስመለከት ያ የተተኮሰ ሸሚዝ የወንድሜ መኪና ስር ተንበርክኳል። ጎማውን በእጁ ዞሮ ዳሰሰው፣ ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ፣ ወደ እኛ ሳያይ ሄደ።

እናቴ «ሰውዬው ተቀይሟል» አለች።

«ወንድም ጋሼ ነዋ ያስቀየመው!»

«እሱ አይደለም። አንቺ ነሽ።»

«እኔማ አከበርኩት!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ጃጀች አልኩ። እናቴን ጃጀች ባልኩ ቁጥር የጃጀሁት እኔ ሆኜ እገኛለሁ፤ ያኔ ግን አልገባኝም።

ማክሰኞ ጂም ስገባ ጀርባውን ሰጥቶ ከረጢት ያስተካክላል። ጓንቴን አሰረልኝ፤ ዝም ብሎ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ዓይኔን ሳያይ። ገመዱን ገባን። ወዲያ ማዶ ከረጢት የሚመቱ ጎረምሶች አሉ፤ ዱብ ዱብ ይላል። ግድ የለም፣ አሁን ደወሉ ይጮሃል፣ አሁን ይጠራኛል ብዬ ጠበቅኩ።

ደወሉ ጮኸ።

«እጅዎን ከፍ ያድርጉ» አለ።

የተሳሳተ መሰለኝ። አንድ ቡጢ ሰነዘርኩ፣ በጓንቱ ተቀበለው። «አገጭዎን ይደብቁ። ግራ እግርዎን ወደፊት ያምጡት።» ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጸሐፊዬ። እጄ ብቻውን ወረደ። ወደ ፊቴ የመጣው ጓንት አፍንጫዬ ጋ ደርሶ ቆመ።

«እጅዎን እኮ አልኩ!»

«ሰማሁ» አልኩት። «አልችልም።»

በገመዱ መሃል ሾልኬ ወጣሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ጓንት እጁ ላይ የታሰረበት ሰው ሲያለቅስ አይታችሁ ከሆነ እንዴት ያለ ውርደት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዓይንህን አትጠርግ፣ አፍንጫህን አትጠርግ፣ ጓንቱን ራስህ አትፈታው። ርዕሰ መምህርቷ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ቁጭ አልኩ።

ፎጣ ይዞ መጣ። ይስጠኝ ወይስ ይጥረግልኝ ጨነቀው። በመጨረሻ ተንበረከከና እንደ ሕፃን አፍንጫዬን ጠረገልኝ።

«ምን አደረግኩህ?» አልኩት። «ንገረኝ። ወንድሜ ነው ያዋረደህ፣ እኔን ለምን ትቀጣኛለህ?»

«ማን ነው የሚቀጣዎት?»

«ይኸው! እርስዎ! ገመድ ውስጥ እርስዎ! እዚያ እንኳ አታስቀርልኝም?»

ፎጣውን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። «ወንድምዎ አንተ ሲሉኝ ምንም አልተሰማኝም» አለ። «መኪና ይዞ የሚመጣ ሁሉ አንተ ነው የሚለኝ፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም። ለምጄዋለሁ። እርስዎም በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ አንተ የእነሱ ዓይነት ነበር፤ አውቄዋለሁ።»

«እና?»

«እና ተለወጠ። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን አንተ ሲሉኝ ሌላ ሆነብኝ። የራሴ ሆነብኝ። የመሰለኝ እንደሆነ እንጃ። እሁድ ቤታችሁ ስመጣ ያን ይዤ ነው የመጣሁት። ወንድምዎ ሲስቁ ሆድ ያልባሰኝ ያ 'አንተ' ስላለኝ ነው። ከዚያ ዞር ብለው 'ይቀመጡ' አሉኝ። 'ስኳር ስንት' አሉኝ። አላውቀውም ማለትዎ እንደሆነ ገባኝ። ትክክል ነው፤ ቤተሰብ ፊት እኔን ማወቅ ከባድ ነው። ግን በአንድ ጊዜ በር ከሚዘጉብኝ ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ አልመጣም ነበር።»

የእናቴ «እሱን እኮ ነው የምልሽ» ያኔ ነው የገባኝ።

«ላከብርህ እኮ ነው!» አልኩ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቅኩ። «እሱ አንተ ሲልህ ያቺን ቃል ጠላኋት። የእሱ አንተና የእኔ አንተ አንድ ዓይነት መስለው እንዳይሰሙ ፈራሁ። ከፍ ላደርግህ ብዬ...»

«ከፍ አድርጊኝ ማን አለሽ?» አለና ደነገጠ። ቃሉ አምልጦት ነው። ፎጣውን አየ፣ መሬቱን አየ። «እኔ መከበር አይደለም ያጣሁት። ጎረምሶቹም አሠልጣኝ ብለው ያከብሩኛል። ሰው ነው ያጣሁት። ደክሞኛል። በዚህ ዕድሜዬ የማንም እንግዳ የመሆን አቅም የለኝም።»

«እኔም ደክሞኛል» አልኩት።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ዝም ልለው ነበር፤ ግን ቤት ያለችው እናቴ ናት፣ ዝም አይባልም። ጓንቴን አነሳሁና አሳየሁት። ስልኩን አውጥቶ አየው፤ የደወለው ወንድም ጋሼ ነው። አንድ አፍታ አመነታ። ከዚያ ከፍቶ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። ወንድም ጋሼ በስልክ የሚያወራው ለችሎት እንደሚናገር ጮክ ብሎ ስለሆነ እሱም ይሰማዋል።

«የት ነሽ? እማዬ መድኃኒቷን አልወስድም ብላለች።»

«ጂም ነኝ፣ ወንድም ጋሼ። እመጣለሁ።»

«አሁንም እዚያ? ከዚያ ከጎሚስታው ጋር?»

ስልኩን የያዘው እጅ ከጆሮዬ ራቅ ሊል ሲል በትከሻዬ ያዝኩት።

«ከእሱ ጋር ነኝ» አልኩ።

«እሱ ማን?»

እናቴ አባታችንን በስሙ ጠርታው አታውቅም። በሕይወት ሳለም ከሞተም በኋላ «እሱ» ነው የምትለው። እሱ ሳይመጣ አንበላም፣ እሱ ይህን አይወድም፣ እሱ ቢኖር ኖሮ። በቤታችን እሱ ሲባል ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ወንድም ጋሼም እኔም በዚህ ቃል ስር ነው ያደግነው።

«እሱ ነዋ» አልኩት።

ዝም አለ። ወንድሜን ዝም ያሰኘ ዳኛ አልነበረም። ትንፋሹ ይሰማኛል። «አብደሻል?» አለ በመጨረሻ፣ ዝግ ብሎ። «ሰው ምን ይላል? አባታችን ምን ይል ነበር? በይ፣ ዛሬ ደክሞሻል፤ ነገ ተረጋግተሽ እንነጋገራለን።»

«ነገም እሱ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ከነገ ወዲያም። እማዬን ጠይቃት፣ እሷ ታውቀዋለች፤ መድኃኒቷንም ትውሰድ። መጥቼ ብትቆጣኝም እሺ፣ ብታኮርፈኝም እሺ። እሱን ግን ጎማ እይልኝ አትበለው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ታላቅ ወንድሜን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ልቤ ከደወሉም ከቡጢውም በላይ ደበደበኝ። ቤት ስገባ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ፤ ወንድም ጋሼ ለወራት አያናግረኝ ይሆናል፤ በዓመት በዓል ሌላ ክፍል ይቀመጥ ይሆናል። ያም ሆኖ ያልኩትን መመለስ አልፈለግኩም። የተዘጋው ስልክ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።

«ዘግቶታል» አልኩት።

«ሰምቻለሁ» አለ። እጁን ግን አላወረደም።

«እስቲ ጓንቱን ፍታልኝ።»

ስልኩን አስቀምጦ ክሩን ያዘ። ቋጠሮው አልፈታ አለው። ሞከረ፣ ተወው፣ ጎኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ሁለታችንም ፊት ለፊት ያለውን ባዶ መድረክ እያየን ቆየን። ጎረምሶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው እየሳቁ ወጡ። ቀኑ፣ ሳምንቱ፣ ዓመታቱ ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝና ራሴን መሸከም አቃተኝ። ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩት። ላቤ ልብሱን ያርሰዋል ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

«ከበድኩህ?» አልኩት ቆይቼ።

«ትንሽ።»

«ታዲያ ልነሳ?»

«እንዳትሞክሪ» አለኝ።